ሁለተኛው ባትሪ

ሣህሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለችው ሱቁ ሁለተኛ ሰው ሊገባ ሲል የመጀመሪያው መውጣት ያለበት ዓይነት ናት፤ በሯ ላይ ግን ባጃጁም ሚኒባሱም ተኮልኩሎ ይውላል። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰፈር የሚቀሰቅስ ቴፕ። ሣህሉም ለሁሉም የሚሰብከው አንድ ስብከት አለው።

«ሞተር የሚያስነሳ ባትሪ ዘፋኝ አይደለም» ይላል። «አንዴ ብድግ አድርጎ የሚቀመጥ ጉልበተኛ ነው። ሞተር አጥፍተህ ቀኑን ሙሉ ዝፈን ካልከው፣ በቸገረህ ሰዓት ቁልፍ ስታዞር ሞቶ ታገኘዋለህ። ቴፑ የራሱን ባትሪ ይፈልጋል።»

ሰዉ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ «አቦ አታካብድ፣ ከዚያው ቀጥልልኝ» ይላል። ሣህሉም እየተነጫነጨ ይቀጥልለታል።

ምክሩን ሰምቶ የፈጸመ ኢስማዒል ብቻ ነበር። ኢስማዒል በሚኒባሱ ከቢዮ አዋሌ ወደ ከተማ ሰው ያመላልሳል፤ ሰርግ ሲኖር ደግሞ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ትልልቅ ስፒከሮች ይጭንና ዘፋኝ ይሆናል። ለሱ ሣህሉ ከኋላ በኩል ሁለተኛ ባትሪ አስቀመጠለት፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሪሌ አስገባ። ሞተር ሲነሳ ሁለቱም ባትሪዎች አብረው ይሞላሉ፤ ሞተር ሲጠፋ ሪሌው ይለያቸዋል። ከዚያ በኋላ ቴፑ የሚበላው ከራሱ ባትሪ ብቻ ነው፤ ዋናውን የሚነካው የለም። ኢስማዒል ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን እያዞረ ሞተሩን ደጋግሞ አስነሳ፣ አጠፋ፣ አስነሳ። «አሁን አሸዋ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል» አለ።

አሸዋ ያለው ደቻቱን ነው። ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሾፌር መኪና ያጥብበታል። ውሃ የሚባል ነገር የሚያየው ከስንት አንዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ማንንም አይምርም። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው በድንገት ከተፍ ይላል። ይህን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፤ አውቆም አሸዋው ላይ ከመዋል የሚቀር የለም። ሾፌሮች ለዚህ ሕግ አውጥተዋል። አሸዋ ላይ የሚቆም መኪና አፉን ወደ መውጫው ያዞራል፤ ቁልፉ አይነቀልም፤ ሾፌሩም ከአጠገቡ አይርቅም። «ጎርፍ» ሲባል አስነስቶ መውጣት ነው። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ ሞተር ከተነሳ።

ሣህሉና ኢስማዒል አንድ ግቢ ያደጉ ናቸው። የሣህሉ አባት ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር፤ እናቱ ገና ዳዴ ሳይጨርስ ሞተችበት። ያሳደገችው የኢስማዒል እናት ሸምሶ ናት። ሶማሌ እናት ልጇን ስትጠራ «ሆዮ» ትላለች፤ ልጁም መልሶ እናቱን «ሆዮ» ይላታል። ሣህሉም «ሆዮ» እየተባለ፣ «ሆዮ» እያለ አደገ። ደግሞ የሚገርመው ጾሙን የምትጠብቅለት እሷ ነበረች። ረቡዕ ቀን ኢስማዒል ሥጋ በቀረበበት ሰሃን ላይ እጁን ሲዘረጋ፣ ሣህሉም ሲከተለው፣ እጁን ቸብ ታደርግና «ያንተ ሌላ ነው» ብላ ሽሮውን ታስጠጋለታለች። አባቱ እንኳ የረሱትን ጾም እሷ አልረሳችለትም።

አሁን ሸምሶ አርጅታለች። ጉልበቷ ከሥራ ወጥቷል፤ ሁለት ሰው ደግፏት ነው የምትቆመው። ሰውነቷም ከባድ ነው። ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው፤ የዘፈን ፍቅሯም እንደዚያው።

ነሐሴ ላይ ሴት ልጇን ሱንዱስን ዳረች። ድንኳኑ የተተከለው ከወንዙ ዳር፣ ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። የሰፈሩ መንገድ ባጃጅ እንኳ አያሳልፍም፤ መኪና ይዞ የመጣ ሁሉ የሚገባው በአሸዋው በኩል ነው። ኢስማዒልም ሚኒባሱን እንደ ሕጉ አፉን ወደ መውጫው አዙሮ አሸዋው ላይ አቆመና ስፒከሮቹን ወደ ድንኳኑ አዞራቸው። ሸምሶን ያመጣት በዚያው ነው። ከአሸዋው ወደ ድንኳኑ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ ለሷ ተራራ ሆነባት፤ ልጆቿ ተሸክመን እናውጣሽ ቢሏት አሻፈረኝ አለች።

«ልጄን እንደ ጆንያ ተጭኜ አልድራትም። እዚሁ ሆኜ አያለሁ» አለች።

እና ከጋቢናው ኋላ ባለው ወንበር ላይ፣ በተከፈተው በር በኩል ድንኳኑን እያየች ቀረች። የሰርጉ እመቤት እሷ ስለሆነች ሰዉ ከድንኳኑ እየወረደ እየሳማት ይመለሳል። ሴቶቹ ከላይ ሲጨፍሩ እሷ ከታች በጭብጨባ ትቀበላቸዋለች።

ምሳ ተበልቶ እንዳለቀ ቴፑ ጸጥ አለ። ጭፈራው እንደ ደመቀ ነው የተቋረጠው፤ እጆች አየር ላይ ቀሩ። ሣህሉ ከድንኳኑ ወርዶ ሁለተኛውን ባትሪ ለካው። አንዱ ክፍሉ ሞቷል። ተሰብኮለት፣ ተመርጦ የገባ ባትሪ በሰርጉ ቀን ሞተ። ሣህሉ አፈረ። ኢስማዒልን በዓይኑ ቢፈልገው የሙሽራውን ሽማግሌዎች ሊቀበል ወደ ላይ ወጥቷል።

«ምን ሆነ፣ ሆዮ?» አለች ሸምሶ።

«ባትሪ ነው። ሌላ አመጣለሁ።»

«ዘፈን ከቆመ እኮ ሰርግ አይደለም፤ ለቅሶ ይመስላል። የሙሽራው ሰዎች ምን ይላሉ? አድርግ አንድ ነገር።»

ሣህሉ ኢስማዒልን መጠየቅ ነበረበት። ቢጠይቀው እንቢ እንደሚለው ያውቃል፤ እንዲያውም ያልጠየቀው ስለዚህ ነው። ሞተሩን አስነስቶ እንዳይተወው ደግሞ ጭሱና ሙቀቱ በተከፈተው በር ሸምሶ ላይ ይገባል። ከመሣሪያ ሣጥኑ ወፍራም ገመድ አወጣና አንዱን ጫፍ ከጋቢናው ወንበር ሥር ካለው ከዋናው ባትሪ ላይ፣ ሌላውን ከስፒከሮቹ ማጉያ ላይ አሰረው። ሪሌውን ዘለለው ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ አታድርጉ ያለውን አደረገ። ዘፈኑ ፈነዳ፤ ከላይ እልልታው ቀለጠ። ሸምሶ ጉንጩን ይዛ ሳመችው።

«ለትንሽ ነው» አላት። «አሁን ባትሪ ይዤ እመጣለሁ።»

ዋሽቷት አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ ባትሪ ነጋዴው ጋ ደወለ። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ በርጫ ላይ ነው። ሌላ ጋ ደወለ፤ እሱም በርጫ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ጫቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ፀሐይዋ እስክትበርድ ድረስ እንኳን ባትሪ፣ ክብሪት የሚሸጥልህ አታገኝም። የራሱ ሱቅ ሄዶ ከደንበኛ መኪና የተነቀለ ባትሪ ማምጣት ይችል ነበር። ሙቀቱን አሰበ። ከድንኳኑ ጀርባ ያለው ቤት ወንዶቹ ፍራሽ ዘርግተው «ና እንጂ አቦ፣ የሰርግ ቤት ሰው ቆሞ ይውላል?» አሉት። ሱቆቹ እስኪከፈቱ ብሎ ተቀመጠ።

በርጫ መጀመሪያ ላይ ሰው ያለበትን ጭንቀት ሁሉ ይቆጥራል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁሉንም በሐሳብ ይፈታዋል። ሣህሉም ተቀምጦ ሌላ ባትሪ አመጣ፣ ገመዱን ነቀለ፣ ለኢስማዒል ሁሉንም ነግሮ ተሳሳቁ፤ ይህን ሁሉ ከፍራሹ ሳይነሣ አደረገው። ዘፈኑ በግድግዳው በኩል ይሰማዋል። እስከተሰማ ድረስ ደህና ነው ብሎ ልቡን አሳረፈ። እያንዳንዱ ዘፈን ምን እየበላ እንደሆነ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። የሚያውቁትን ነገር እንደማያውቁ ሆኖ መቀመጥ ይቻላል፤ ሰው ሁሉ ይችላል።

ከዚያ ድምፁ መሰባበር ጀመረ። ከበሮው በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ይቆራረጣል። ሌላው ሰው ልብ አላለውም። ሣህሉ ግን ባትሪው እንደ ወረደ ገባው፤ ጫቱን ጥሎ ተነሣ፤ ጫማውን ሲያጠልቅ ዘፈኑ ጭራሽ ቆመ።

ዘፈኑ ሲቆም ነው የተሰማው። ከሩቅ፣ ከላይ በኩል፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጭ፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ። ከመቼ ጀምሮ እየመጣ እንደነበር ማን ያውቃል፤ ስፒከሮቹ ሸፍነውት ቆይተዋል። ከዚያ አንዲት ሴት «ጎርፍ» አለች። አልጮኸችም፤ ተራ ነገር እንደምትናገር ነው ያለችው።

ሣህሉ ሲሮጥ ኢስማዒል ቀድሞት ጋቢና ገብቷል። አሸዋው ላይ የነበሩት ሁለት ባጃጆች ተነሥተው ወጡ። መኪና ሲያጥቡ የነበሩ ልጆች ባልዲያቸውን ጥለው ዳር ወጡ። ኢስማዒል ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለ። ደግሞ አዞረ። ጠቅ። ሣህሉ ድምፁን ደረጃው አናት ላይ ሆኖ ሰማው፤ ሱቁ በር ላይ ስንት ጊዜ ሰምቶት «ነግሬህ ነበር» ብሎ ያሾፈበት ድምፅ ነው።

ወንዶቹ ወርደው ከኋላ ገፉ። አስፋልት ላይ ቢሆን በግፊ ይነሳ ነበር። አሸዋው ግን ጎማውን ዋጠው፤ በገፉ ቁጥር ይብስ ሰመጠ። ሣህሉ ደረጃውን ጨርሶ አሸዋው ላይ ሲደርስ ውሃው ከወንዙ መታጠፊያ ዞሮ ብቅ አለ። ከፍታው ብዙ አይደለም፤ ከሰው ወገብ ቢበልጥ ነው። ግን ቡናማና ወፍራም ነው፤ ግንድ፣ ቆርቆሮ፣ የሞተ ፍየል ይዞ ነው የመጣው። የሚገፉት ሰዎች ተበተኑ። ኢስማዒል ከጋቢናው ወደ ኋላ ተሻግሮ እናቱን ብብቷ ሥር ሲይዛት ሣህሉ አየ። ከዚያ ውሃው ሚኒባሱን በጎኑ መታው። አነሣው፤ አዞረው፤ በተከፈተው በር በኩል ሞላው። ኢስማዒል ወደ ውጭ ሲወረወር፣ ዳር ያሉ ሰዎች ሰንሰለት ሠርተው እጁን ያዙት። ሸምሶን የያዘ እጅ አልነበረም።

ሬሳዋን በማግስቱ ከከተማው በታች፣ ውሃው አሸዋ ቆልሎ ከሄደበት ቦታ አገኙት። ሚኒባሱ ከዚያም አልፎ ተገኘ፤ የሚኒባስ መልክ የለውም። ወንበሩም ባትሪውም ገመዱም ተጠርገው ሄደዋል። ሣህሉ ይህን ሲሰማ እፎይ አለ። እፎይ ማለቱን ሲያውቀው ራሱን ተጸየፈ። አሁን ከሱ በቀር ያንን ገመድ የሚያውቅ በሕይወት የለም።

ቀብሯ ላይ ጀናዛዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ክርስቲያን ነው ብሎ የከለከለው የለም። ለቅሶ በሚደረስበት በተዕዚያው ቤት ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ እንግዳ ይቀበላል፣ ውሃ ያድላል፣ ቤት አይሄድም። ሚስቱ ሰርካዲስ ምግብ ይዛ ብትመጣም አልቀመሰም። «ልጇ ነውኮ» ይላል ሰዉ፤ «ከወለደቻቸው የሱ ኀዘን በለጠ።»

ሰዉ ደግሞ ከጎርፉ በኋላ ሁሉም አዋቂ ሆነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አንዱ አሸዋ ላይ ምን አቆመው ይላል፣ ሌላው ጠዋት ደንገጎ ጠቁሮ አይቼ ነበር ይላል። ኢስማዒል ለማንም አይመልስም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳ ረገብ ሲል፣ ከሣህሉ አጠገብ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ሣህሉ፣ ሙያው ያንተ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትሸነግለኝ» አለው።

«ጠይቀኝ።»

«ያን ቀን ሞቀኝ አለች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ፋን አብርቼ ወደሷ አዞርኩላትና ወደ ሽማግሌዎቹ ወጣሁ። ረሳኋት። ፋኗ የምትበላው ከዋናው ባትሪ ነው፤ አይደል?»

«ነው።»

«እሷ ናት ባትሪውን የጨረሰችው?»

ሣህሉ ያቺን ፋን ያውቃታል፤ ራሱ ነው የሰካት። የልጅ መጫወቻ ናት። ያን ከሰዓት በኋላ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱንም ጨምራ ብትዞር ባትሪው ልብ አይላትም።

«ውሃው ነው» አለ። «ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ውስጥ ውሃ ሲገባ...»

«ቁልፉን ሳዞር አሸዋው ደረቅ ነበር» አለ ኢስማዒል። «አትሸንግለኝ አልኩህ።»



«ለሱንዱስ ነግሬያታለሁ» ሲል ቀጠለ ኢስማዒል። «ፋኑን እንዳበራሁት። ከዚያ ወዲህ ፊቴን አታይም። እኔ ስገባ ትወጣለች። እኔም አልፈርድባትም። ሁለት ባትሪ ያስገባሁት ለምን ነበር? እናቴን በማራገቢያ ገደልኳት፤ በቃ።»

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አንድ ቃል መዋሸት እንኳ አያስፈልግም፤ ነገሩ በራሱ ይቀበር ነበር። ሣህሉ የኢስማዒልን እጅ አየ፤ ፋኗን ያበራው እጅ ነው። ይህ ሰው በቀረው ዕድሜ ሁሉ ፋን ባየ ቁጥር እናቱን ደግሞ እንደሚገድላት ገባው።

«ፋኗ አይደለችም» አለ። «ፋኗ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ። ሁለተኛው ባትሪ ሞተ፤ ዘፈኑ ቆመ። ከዋናው ገመድ ስቤ ቀጠልኩት። ለትንሽ ብዬ ነው። ከዚያ በርጫ ተቀመጥኩ።»

እሷ ናት ዘፈኑ እንዳይቆም ያለችኝ የሚለው ቃል አፉ ላይ መጣ። ዋጠው። የሞተች ሴት ላይ ሊጭነው አልደፈረም።

ሣህሉ ይመታኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው። ኢስማዒል ግን ወደሱ አልዞረም። ሲናገርም የተናገረው በርጋታ ነው፤ ለራሱ እንደሚያስታውስ ሰው።

«ቁልፉ እንቢ እንዳለኝ ወደ ኋላ ተሻግሬ ልሸከማት ስል ወንበሩን ጨብጣ ያዘችው። ውሃው ገና አልደረሰም ነበር፤ ጊዜ ነበረን። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ላዬ ላይ ውጪ እላታለሁ፤ እሷ በበሩ በኩል ወደ ደረጃው ታያለች። 'ቆይ ሆዮ' አለችኝ። 'ሣህሉ እየመጣ ነው። እሱ ከመጣ ይነሳል።' ዞሬ ሳይ እውነትም እየሮጥክ ነው። እኔም አመንኳት። ተውኳትና ጠበቅንህ።»

ከዚያ ተነሣ። በሩ ላይ ከሁርሶ የመጡ ዘመዶች ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። ኢስማዒል ሄዶ ተቀበላቸውና ወደ ሴቶቹ ክፍል፣ ወደ ሱንዱስ ገባ። ዘመዶቹ ተራ በተራ የተቀመጠውን ሰው እየጨበጡ መጡ። አንድ ሽማግሌ ሣህሉ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ልጇ አንተ ነህ አሉኝ» አሉት። «አላህ ሰብሩን ይስጥህ።» ሣህሉ «አሚን» አለ፤ ለሚቀጥለውም ሰው እጁን ዘረጋ።